የክሬዲት ካርድዎ ተመላሽ ገንዘብ ሲቀነስ ምትኩን እንዴት ይመርጣሉ?

ክሬዲት ካርድዎ ለግዢዎ ይመልስልዎ የነበረውን ገንዘብ ባንኩ እንደቀነሰ ሲያሳውቅዎ፣ በማስታወቂያ ከፍተኛውን መቶኛ ወደሚያሳየው ካርድ ከመሄድዎ በፊት ያለፉትን 12 ወራት የሂሳብ መግለጫ አውጥተው ወጪዎን በየዘርፉ ይደምሩ። ለነዳጅ 5 በመቶ የሚመልስ ካርድ መኪና ለሌለው ሰው አይጠቅምም፤ ከፍተኛ መቶኛ ደግሞ ብዙ ጊዜ በወር ወይም በሩብ ዓመት ጣሪያ ስለሚበጅለት፣ ከጣሪያው በላይ የሚያወጡት ገንዘብ የሚያስገኝልዎ 1 በመቶ ብቻ ሊሆን ይችላል።

ዓመታዊ ክፍያ ያለውን ካርድ በስሌት ይመዝኑት። ክፍያ የሌለው ካርድ 2 በመቶ፣ ዓመታዊ ክፍያው 100 የሆነው ደግሞ 3 በመቶ የሚመልሱ ከሆነ፣ ሁለቱ እኩል የሚሆኑት በዓመት 10,000 ሲያወጡ ነው፤ ወጪዎ ከዚያ ካነሰ ክፍያ የሌለው ያዋጣል። ለአዲስ ደንበኛ የሚሰጠው ጉርሻ አንድ ጊዜ ተከፍሎ የሚያልቅ በመሆኑ ከዚህ ስሌት መውጣት አለበት ብዬ አምናለሁ። ዕዳዎን በየወሩ ሙሉ በሙሉ የማይከፍሉ ከሆነ ግን ወለዱ ከተመላሹ ስለሚበልጥ፣ ወለዱ ዝቅተኛ የሆነውን ካርድ መፈለግ ይበጅዎታል።

ነባሩን ካርድ ለመዝጋት አይቸኩሉ። የተጠራቀመው ተመላሽ ሂሳቡ ሲዘጋ ሊሰረዝ ስለሚችል አስቀድመው ይውሰዱት፤ ባንኩም ሂሳቡን ሳይዘጋ ወደ ሌላ ዓይነት ካርድ ሊቀይርልዎ ይችል እንደሆነ ይጠይቁ።