የገና ሰሞን በድሬዳዋና በሐረር፦ ቀኑ፣ መንገዱና ገበያው

ይህን ጉዞ ብዙ ጊዜ የሚያበላሸው የቀን ስሌት ነው። ታኅሣሥ 19 ቁልቢ ገብርኤል ይነግሣል። ቁልቢ ከድሬዳዋ 70 ኪሎ ሜትር ገደማ ብትርቅም ከበዓሉ ሁለት ሦስት ቀን በፊትና በኋላ ድሬዳዋ በምእመን ትጥለቀለቃለች፤ የአልጋ ዋጋ ይሰቀላል፣ ሚኒባስ ይጠፋል፣ የአውሮፕላን ትኬት ቀድሞ ያልቃል። ለመሳለም ካልሆነ በእነዚያ ቀናት አይምጡ። ለገና ገበያ የሚመቸው ከታኅሣሥ 25 እስከ 29 ያለው ነው። በዘመነ ዮሐንስ፣ ማለትም ጳጉሜን 6 ቀን ከሆነች በኋላ በሚገባው ዓመት፣ ገና ታኅሣሥ 28 ስለሚውል የገበያውን ቀናት በአንድ ቀን ቀደም ያድርጉ። ትኬት ቆርጠው በዓሉን መንገድ ላይ የሚያሳልፉት ይህችን ቀን የዘነጉ ናቸው።

ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን አንድ ሰዓት ገደማ ነው። አዲሱ ባቡር የሚነሣው ከፉሪ ለቡ ጣቢያ ሲሆን በየቀኑ ስለማይሄድ የጉዞ ቀኑን ሳያረጋግጡ አልጋ አይያዙ። ድሬዳዋ ላይ የሚያወርደውም ከዚራ በሚባለው ሰፈር መሐል ያለው የድሮው ለገሃር ሳይሆን ከከተማው ወጣ ያለው ጣቢያ ነው። ከዚያ ወደ መሐል ከተማ ለመግባት ከመሳፈርዎ በፊት ዋጋ ይነጋገሩ፤ ባቡር ሲገባ ሁሉም ተሳፋሪ አንዴ ስለሚወርድ ዋጋውን የሚወስነው ባለ ባጃጁ ይሆናል።

ሁለት ሌሊት ድሬ፣ ሁለት ሌሊት ሐረር ይበቃል። ከድሬ መጀመር ይሻላል። በግ፣ ዶሮና ሽንኩርት ፍለጋ የሚተራመሰውን ሰው በደንብ የሚያዩት ከበዓሉ በፊት ባሉት ሁለት ሦስት ቀናት ነው። በዕለተ ገና ግን ድሬ ከዚራ ጭር ይላል። በግንብ በታጠረው የሐረር አሮጌ ከተማ፣ ጀጎል ውስጥ፣ አብዛኛው ነጋዴ ሙስሊም ስለሆነ በገና ቀንም ብዙ ሱቅ ክፍት ያገኛሉ።

ድሬዳዋ የተቆረቆረችው ከጅቡቲ የመጣው ባቡር በ1895 ዓ.ም. እዚህ ሲደርስ ነው፤ ሐዲዱ ተራራውን ወጥቶ ሐረር መግባት ስላልቻለ ከተማዋ ከታች ተመሠረተች። ደቻቱ የሚባለው ወንዝ ለሁለት ይከፍላታል። በታኅሣሥ የሚያገኙት አሸዋ ብቻ ነው። በክረምት ሌላ ነገር ነው፦ በ1998 ዓ.ም. ክረምት የወረደው ጎርፍ ከ200 በላይ ሰው ገድሏል። በበጋም ቢሆን ከላይ ተራራው ላይ ደመና ከጠቆረ አሸዋው ውስጥ አይቁሙ።

ጠዋት በከዚራ በኩል ይጀምሩ። መንገዱ ቀጥ ቀጥ ያለ፣ ግራና ቀኙ ዛፍ ነው፤ ለገሃሩንም ከውጭ ይዩት። ፀሐይ ሳይበረታ ወደ መጋላ ሰፈር ተሻግረው ቀፊራ ገበያ ይግቡ፤ ከጠዋቱ 2 እስከ 4 ሰዓት ጥሩ ነው። ቅመም የሚገዛ ሰው የተፈጨ በርበሬ ከመግዛት ዛላውን ገዝቶ ማስፈጨት ይሻለዋል፤ የተፈጨው ውስጥ ምን እንደተቀላቀለ በዓይን አይለይም። ልብስና የኤሌክትሪክ ዕቃ አሸዋና ታይዋን በሚባሉት ገበያዎች አለ። «አቦ ቀንስልኝ» ማለት ነውር አይደለም፤ ዋጋ ተስማምቶ ጥሎ መሄድ ግን ነውር ነው። ብዛት ያለው አዲስ ዕቃ ያለ ደረሰኝ ከገዙ መንገድ ላይ ኬላ እንዳለ አይርሱ፤ የኮንትሮባንድ ነው ተብሎ ሊወረስ ይችላል።

ድሬ በገናም ቢሆን ቀን ቀን ይሞቃል፤ የወባና የዴንጊ ትንኝ ስላለም ለማታ ረጅም እጅጌ ይልበሱ፣ አልጋው አጎበር እንዳለው ይጠይቁ። እስከ ዋዜማው ጾመ ነቢያት ስለሆነ የሚጾም ሰው ፉል ሲያዝ «በዘይት፣ ያለ ቅቤ» ይበል፤ ፈቲራ እንቁላል ስላለው ለገና ጠዋት ይቆየው።

ወደ ሐረር 55 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሚኒባሱ ሰዓት የለውም፣ ሲሞላ ይነሣል። ከ1,200 ሜትር ተነሥቶ ወደ 2,000 ሜትር የሚወጣው የደንገጎ ጠመዝማዛ ሆድ ይገለብጣል፤ የሚያቅለሸልሽዎ ከሆነ ከፊት ይቀመጡ፣ ሆድ ሞልቶ አይሳፈሩ። ደንገጎ ላይ የአዲስ አበባው መንገድ ይገነጠላል። ከዚያ በሐረማያና በጫት ገበያዋ በአወዳይ አልፈው ሐረር ይገባሉ። ሲመሽ መኪናውም ስለሚቀንስ ከ10 ሰዓት በፊት ይነሡ። ጃኬት ወይም ጋቢ እላይ ይያዙ እንጂ ከሻንጣ ሥር አይቅበሩት፤ ሐረር ማታ ብርድ ነው።

ማደሪያ ጀጎል ውስጥ ከያዙ የሐረሪ ባህላዊ ቤት፣ ጌይ ጋር፣ ውስጥ ማደር ይቻላል። ክፍሉ ጥቂት ስለሆነ ቀድመው ይያዙ፤ «ሮቶ አላችሁ?» ብለውም ይጠይቁ፣ በሐረር የቧንቧ ውሃ በየቀኑ ላይመጣ ይችላል። ሲገቡ ጫማ ይወልቃል። ነደባው (መቀመጫ መደቡ) ደረጃ ደረጃ ነው፤ አሚር ነደባ የሚባለው የአባወራው ስፍራ ስለሆነ ካልተጋበዙ አይቀመጡበት።

ግንቡን በ16ኛው ክፍለ ዘመን ያሠሩት አሚር ኑር ሲሆኑ ጀጎል በዩኔስኮ የተመዘገበው በ2006 እ.ኤ.አ. ነው። ከአምስቱ ጥንታዊ በሮች ሌላ ኋላ የተከፈተው ሐረር በር መኪና ያስገባል፤ ከዚያ ቀጥታ ፈረስ መጋላ የሚባለው አደባባይ ይደርሳሉ። ቀጥለው መኪና ግርግር በሚባለው መንገድ በልብስ ሰፊዎቹ መሐል ወደ ግድር መጋላ ይውረዱ። የመኪና ግርግር ስም ከስፌት መኪናው ድምፅ ነው፤ የሚሰፋ ጨርቅ ካለዎት ጠዋት ሰጥተው ማታ ይውሰዱ፣ ግን የገና ዋዜማ ላይ አይስጡ። ግድር መጋላ ሥጋ ተራ ነው። ጭልፊት ከጣሪያ ላይ ሆኖ ይጠብቃል፤ ሥጋ የያዘ ፌስታል እያወዛወዘ የሚሄድ ሰው ድንገት ባዶ እጁን ይቀራል። ሥጋውን ዘንቢል ውስጥ ከድነው ይያዙ።

የገበያ ሰዓት ጠዋት ነው። ከቀኑ 7 ሰዓት በኋላ ብዙው ሰው በርጫ (ጫት መቃም) ላይ ስለሚቀመጥ ሱቅ ይቀዘቅዛል፤ ዓርብ ደግሞ ለጁምዓ ይዘጋል። ከሰዓቱን ለሸሪፍ ሙዚየምና በፈረንሳዊው ገጣሚ ስም ለሚጠራው ራምቦ ቤት ይተዉት።

ስፌት የሚገዙ ከሆነ አይቸኩሉ። ሙዳዩን ወደ ብርሃን ያንሡት፤ በጥምዝምዙ መሐል ብርሃን ካሳለፈ ስፌቱ ላላ ነው፣ ዓመት ሳይሞላው ይጎብጣል። ክዳኑን ገጥመው ያዙሩት፣ በየትም በኩል እኩል መቀመጥ አለበት። ነጭ ሶፍት አርጥበው ቀለሙን ይሹት፣ ከለቀቀ ይተዉት። ሴቶቹን ፎቶ ከማንሣትዎ በፊት ያስፈቅዱ።

የሐረር ቡና በጀንፈሉ የደረቀ፣ ያልታጠበ ነው፤ ፍሬው መልኩ አንድ ዓይነት ባይሆን አይደንግጡ። ጥቁር የሆነውንና የተሰባበረውን ይቁጠሩ። አንድ ፍሬ ነክሰው ጥርስዎ ከገባበት እርጥብ ነው፣ ይሻግታል። ሲቆላ ከኪሎው 150 እስከ 200 ግራም ስለሚቀንስ ለአንድ ኪሎ የተቆላ ቡና ከ1.2 እስከ 1.25 ኪሎ ጥሬ ይግዙ፤ በላስቲክ ሳይሆን በጨርቅ ከረጢት ይያዙት።

ጅብ ለማየት ከማታው 1 ሰዓት ገደማ ከግንቡ ውጭ ይወጣል። ጅቦቹን ከሚያበላው ሰው ጋር ክፍያውን ሥጋ ከመወርወሩ በፊት ይነጋገሩ፣ በፍላሽ አያንሡ፣ አይሩጡ። በገና ዋዜማ ሌሊት ፈረስ መጋላ ያለችው መድኃኔዓለም ለመሄድ ያሰቡ ነጠላቸውን ይዘው፣ የመመለሻውን ባጃጅ ቀድመው ኮንትራት ይያዙ፤ ቅዳሴው የሚያልቀው ሌሊት ነው፣ ያን ጊዜ ጎዳናው ላይ የሚያገኙት ጅብ ሊሆን ይችላል።