ስለ ሩካቤ (ግብረ ሥጋ ግንኙነት) ለወጣቶች ለማስተማር ተራው ለደረሳችሁ

በሰንበት ትምህርት ቤት ከ15 እስከ 18 ዓመት ያሉትን አስተምራለሁ። ይህ ርእስ ሲደርስ ብዙ መምህር «ከዝሙት ሽሹ» ብሎ፣ አንገቱን ደፍቶ ይወጣል። ልጆቹ ደግሞ ስልካቸው ላይ ያላዩት የለም።

በዋዜማው ሳምንት ብጣሽ ወረቀት አድሉና ስም የሌለበት ጥያቄ ሰብስቡ። የሚጠይቀው የሌለውም ባዶውን አጥፎ ይመልስ፤ አለዚያ የጻፈው ይታወቅበታል።

ከክልከላ አትጀምሩ። ዘፍጥረት 2 ይነበብ። ዕራቁታቸውን ነበሩ፣ አይተፋፈሩምም ነበር የሚለው ከውድቀት በፊት ያለ ነው፤ ሥጋን ርኩስ ማለት ከየት እንደመጣ ልጆቹ ራሳቸው ይጠይቃሉ። ሳቅ ይነሣል፣ ይሣቁ።

ሰፊውን ሰዓት ለአንደኛ ቆሮንቶስ ምዕራፍ 6 እና 7 ስጡ። ቆሮንቶስ በሁለት ወደቦች መካከል ያለች የንግድ ከተማ ነበረች፤ «መብል ለሆድ፣ ሆድም ለመብል» የሚባልባት። የዛሬው «ተፈጥሮ ነው፣ ምን ታካብዳላችሁ» ማለት ነው። ጳውሎስ ሲመልስ ሥጋን አያቃልልም፤ የመንፈስ ቅዱስ ቤተ መቅደስ ነው ይላል። ቀጥሎ 7፥3-5ን ወንዶቹ ጮክ ብለው ያንብቡት። ሰባኪው ብዙ ጊዜ ግማሹን ብቻ ይጠቅሳል፦ ሚስት በገዛ ሥጋዋ ላይ ሥልጣን የላትም። ቀጣዩ ዐረፍተ ነገር ስለ ባል ያንኑ ይላል። ለጸሎት መለያየትም ቢሆን በስምምነት ነው። በዚያ ዘመን ለባል ይህን መጻፍ ድፍረት ነበር፤ ዛሬም በስንቱ ቤት!

ሁለተኛ ሳሙኤል 13ን፣ የዳዊት ልጅ አምኖን እኅቱን ትዕማርን አስገድዶ የደፈረበትን ታሪክ፣ አትዝለሉ። ትዕማር የሄደችው በአባቷ ትእዛዝ፣ ታምሜአለሁ ላለ ወንድሟ ምግብ ልታዘጋጅ ነው። እምቢ ብላለች፣ ለምናለች። «ምን ለብሳ ነበር?» የሚል ልጅ አይጠፋም። ቁጥር 18ን አስነብቡት፤ የንጉሥ ደናግል ሴት ልጆች የሚለብሱትን ነው። አምኖን ከዚያ በኋላ ትዕማርን ጠላት። ዳዊትም እጅግ ተቆጣ ይላል፤ ቀጣው ግን አይልም። እዚህ ላይ ዝም ብላችሁ ልጆቹን አናግሩ።

ከክፍል በኋላ አንዷ ወይም አንዱ ቀርቦ «ደርሶብኛል» ካለ፣ ነገሩ የተጎጂው ኃጢአት አይደለምና ወደ ንስሐ አትግፉት። «ስምሽ ይጠፋል፣ ዝም በይ» የሚል ምክር ከአፋችሁ አይውጣ። ድርጊቱ በቅርቡ ከሆነ በዚያው ቀን ሆስፒታል ይሂዱ፤ ኤች አይ ቪ እንዳይዝ የሚሰጠው መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት። ከዚያ ፖሊስ። ብቻቸውን አትላኳቸው።

የራሱን ጥፋት ሊናዘዝ የሚጀምረውን ግን በክፍል ፊት አስቁሙት፤ ይህ የንስሐ አባቱ ጉዳይ ነው። እኔም መልሱ የከበደኝን ወረቀት ለቄሱ አሳይቼ ለሚቀጥለው እሑድ አስተላልፋለሁ፤ የእጅ ጽሑፉ እንዳይለይ በሌላ ወረቀት ገልብጬ።