«አማካይ ዕድሜ 2.00» ሲል፦ ተቆጣሪና ተለኪ ሲምታቱ

ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ላይ ለመመረቂያ ጽሑፍ መጠይቅ በትናችሁ ኤስፒኤስኤስ (SPSS) በተባለው የስታቲስቲክስ ፕሮግራም ውስጥ ካስገባችሁ በኋላ ውጤቱ ግራ ሲያጋባ ይህ ጽሑፍ የሚታይ ነው። ተቆጣሪ ማለት በሙሉ ቁጥር የሚቆጠር፣ ተለኪ ማለት በመሃሉ ክፍልፋይ ያለው ነው። ዳታው ተጣርቷል፣ የጎደለም ተሞልቷል ብለን እንነሳ።

ምልክት፦ የዕድሜ አማካይ 2.00 ወጣ

ከሁሉም በላይ የሚመላለሰው ይኼ ነው። ጥፋቱ ከሶፍትዌሩ ሳይሆን ከመጠይቁ ነው፤ ያውም ከቀድሞ ተመራቂ ወረቀት እንዳለ ከተገለበጠ መጠይቅ። «ዕድሜ፦ 1) 18–25 2) 26–35 3) 36–45 4) ከ45 በላይ» ይላል። ፒያሳ ላይ የተጠየቀ የ23 ዓመት የባጃጅ ሹፌር 1ን ያከብባል፤ 23ቷ እዚያው ቀረች። ዕድሜ እንደ ቁመትና ክብደት ተለኪ፣ ማለትም ኮንቲንየስ ነው፤ በ23 እና በ24 መካከል ወራትና ቀናት አሉ። መጠይቁ ግን አራት ሳጥን አደረገው። ከዚያ ቫሪያብል ቪው (የየዓምዱ ባህርይ የሚሞላበት ገጽ) ላይ ሜዠር (የመለኪያው ዓይነት) «ስኬል» (የሚለካ ቁጥር) እንደተባለ ከተተወ ፕሮግራሙ ኮዶቹን ዝም ብሎ ይደምራል። 40 ሰው 1፣ 30 ሰው 2፣ 20 ሰው 3፣ 10 ሰው 4 ቢያከብቡ ድምሩ 200፣ ለ100 ሲካፈል 2.00። ሁለት ዓመት የሞላው መልስ ሰጪ ግን የለም።

መፍትሄ፦ ሜዠሩን «ኦርዲናል» (ቅደም ተከተል ያለው ምድብ) አድርጉና በቁጥርና በመቶኛ አቅርቡ። አማካሪያችሁ የግድ አማካይ ካሉ የክፍሉን መካከል ውሰዱ፤ እዚህም ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። «18–25» ማለት 18 ከሞላበት ቀን እስከ 26 ዋዜማ ነው፤ 25 ዓመት ከ11 ወር የሆነው ሰውም «25» ነው የሚለው። ስለዚህ መካከሉ 22 እንጂ 21.5 አይደለም። ቀጥለው 31 እና 41 ይመጣሉ። «ከ45 በላይ» ጣሪያ ስለሌለው መካከል የለውም፤ 50 ብሎ መሙላት ዳታ መፍጠር ነው። ሚዲያን (መልሶቹ በቅደም ተከተል ሲደረደሩ መሃል ላይ የሚውለው) ግን ይህ ክፍት ክፍል አያስቸግረውም፤ የ100 ሰው እኩሌታ 50 ነው፣ 40ው ከ26 በታች ናቸው፣ ቀጣዩ ክፍል 30 ሰውና የ10 ዓመት ስፋት አለው፦ 26 + (50 − 40) ÷ 30 × 10 = 29.3 ዓመት።

ወረቀቱ ገና ካልተባዛ ሳጥኖቹን ሰርዙና «ዕድሜዎ ስንት ነው? ____» በሉ። ከቁጥሩ ክፍል በሪኮድ (ቁጥሮችን ወደ ክፍል በሚቀይረው ትዕዛዝ) በደቂቃ ይሠራል፤ ከክፍል ወደ ቁጥር መመለሻ መንገድ የለም። የትውልድ ዓመት የምትጠይቁ ከሆነ «በኢትዮጵያ አቆጣጠር» ብላችሁ ጻፉ። ከፈረንጁ ጋር ከተደባለቀ ዕድሜው በ7 ወይም በ8 ዓመት ይስታል፤ ያ ደግሞ ከሠንጠረዡ ላይ አይታይም። 30፣ 40 እና 50 ላይ መልስ ከተከመረ ሰዉ አጠጋግቶ ነው የመለሰው፤ ዕድሜ በዚህ ምክንያት ተቆጣሪ አይሆንም።

ምልክት፦ ሂስቶግራሙ ጥርሱ የረገፈ ማበጠሪያ መሰለ

የልጆች ብዛት ተቆጣሪ፣ ማለትም ዲስክሪት ነው፤ 0፣ 1፣ 2 እንጂ 1.5 የለም። የአምዱ ስፋት 0.5 ሲሆን አንዱ ሞልቶ አንዱ ባዶ ይቀራል። ስፋቱን 1 አድርጉ፤ ከዚያ ይልቅ ባር ቻርት ይሻላል።

ምልክት፦ የቤተሰብ ብዛት 4.5

በአንድ መልስ ሰጪ መስመር ላይ ከታየ የአስገቢው ስህተት ነው፤ ወረቀቱን አውጡ። አማካይ ላይ ከሆነ ትክክል ነው፤ እባካችሁ «ግማሽ ሰው የለም» ብላችሁ ወደ 5 አታጠጋጉ።

ምልክት፦ ሬግሬሽኑ ከዜሮ በታች ተነበየ

ኮምቦልቻ ላይ የጨርቃ ጨርቅ ዳታ ይዘው የሚመጡትን የሚያጠምዳቸው ይህ ነው። ከአንድ ማሽን ሁለት ዓይነት ቁጥር ይወጣል፦ የክሩ ውፍረት ይለካል፣ በፈረቃ ስንት ጊዜ እንደተበጠሰ ይቆጠራል። ቆጠራ ከዜሮ በታች አይወርድም፣ ተራው ሬግሬሽን ግን ይህን አያውቅም፤ ስለዚህ ለቆጠራው መጀመሪያ ፖይሰን (ለቆጠራ የተሠራ ሬግሬሽን) ሞክሩ፤ ቫሪያንሱ (የመበታተኑ መለኪያ) ከአማካዩ በብዙ ከበለጠ ወደ ኔጋቲቭ ባይኖሚያል (ሰፋ ያለ መበታተንን ወደሚችለው የቆጠራ ሬግሬሽን) እለፉ። ፈረቃዎቹ እኩል ሰዓት ካልሆኑ የሰዓቱን ሎጋሪዝም (ln) ኦፍሴት (የፈረቃውን ርዝመት የሚያስተካክል ቋሚ) አድርጋችሁ አስገቡ፤ ያለዚያ ረጅሙ ፈረቃ ያለ ጥፋቱ መጥፎ ይመስላል።

ብር በሳንቲም ቢቆጠርም እንደ ተለኪ ያዙት፤ ልዩነት አያመጣም። የቀበሌ ቁጥር ግን ተቆጣሪም ተለኪም አይደለም፣ ስም ነው። ዓምዱን «ስትሪንግ» (ጽሑፍ) አድርጉት፤ ያለዚያ 09 ዜሮዋን ጥላ 9 ትሆናለች።