ማይክ ላይ የሚያሳስቱ ቃላት፦ በዓይን እንጂ በጆሮ ያልገቡ

ጅማ ላይ መድረክ የሚመራ፣ በትምህርት ቤት ሚኒ ሚዲያ ዜና የሚያነብ ወይም በዕድር ስብሰባ ቃለ ጉባኤ የሚያሰማ ሰው ይህ ይገጥመዋል፦ ቃሉን ያውቀዋል፣ ትርጉሙንም አይስትም፣ ጮክ ብሎ ሲያነበው ግን አዳራሹ ፈገግ ይላል። ቃሉ የገባው በዓይን ነው፤ ጆሮ አልመሰከረለትም። ከታች በብዛት የሚታዩትን ብልሽቶች ከነመንስኤያቸው አስቀምጠናል። የሚጠብቀውን ድምፅ ለማሳየት ፊደሉን ሁለቴ እንጽፋለን። የከተማችን ስም ራሱ ሲጻፍ ጅማ፣ ሲነገር ጅምማ ነው።

ምልክት፦ የተነበበው ሌላ፣ የተሰማው ሌላ

«ዋና አሰልጣኙ አሁን ወደ መድረክ ይመጣሉ።» ዋና ላልቶ ከተነበበ የእግር ኳሱ ሰውዬ የውሃ ዋና አስተማሪ ይሆናሉ። መጥበቅ አለበት፦ ዋንና።

መንስኤው ፊደላችን መጥበቅና መላላትን አለመጻፉ ነው። ቋንቋውን እየሰማ ያደገ ሰው ከዐረፍተ ነገሩ ይገምታል፤ በንባብ የያዘው ግን መጀመሪያ የመጣለትን ይዞ ይሄዳል። የሚያስቀው «ይጠብቃል» የሚለው ቃል ራሱ ከዚህ አለማምለጡ ነው፦ ብ ሲላላ ገመዱ ይጠብቃል፣ ብ ሲጠብቅ ዘበኛው ይጠብቃል።

በብዛት የሚያሳስቱት እነዚህ ናቸው፦

ገና፦ ላልቶ «እስካሁን»፤ ጠብቆ (ገንና) የታኅሣሡ በዓል። «ገና ነው» ተብሎ ሲጻፍ ንባቡን የሚወስነው ቀጥሎ ያለው ዐረፍተ ነገር ስለሆነ ዓይንን አስቀድሞ መላክ ያስፈልጋል።
ሰፊ፦ ላልቶ ልብስ የሚሰፋው ሰው፤ ጠብቆ (ሰፍፊ) ጠባብ ያልሆነ።
አለ፦ ላልቶ ተናገረ፤ ጠብቆ (አልለ) ይገኛል።
በራ፦ ላልቶ ፀጉር የሌለው ራስ፤ ጠብቆ (በርራ) አምፖሉ።

ግስ ላይ ደግሞ ሥርዓት አለው። ይበላል፣ ይመታል፣ ይሰማል፣ ይጠራል የሚሉት አድራጊው ሲታወቅ ይላላሉ። ባለቤቱ ድርጊቱ የሚፈጸምበት ሲሆን ግን ከ«ይ» ቀጥሎ ያለው ፊደልም ተከታዩም ይጠብቃሉ። «ርዕሰ መምህሩ ስም ይጠራል» ሲላላ፣ «ስማችሁ ይጠራል» ግን ይጥጠርራል ነው። ምሳ ራሱ በላተኛ አይደለም፤ ስለዚህ «ምሳ 6 ሰዓት ላይ ይበላል» በተባለ ቁጥር ይብበልላል።

ማሰብ የማያስፈልጋቸውም አሉ። ከግስ ፊት የሚገባው «የሚ» ሁልጊዜ የምሚ ነው። ሙያና ተራ የሚያመለክተው «-ኛ» ሁልጊዜ ይጠብቃል፦ ዘበኛ፣ አንደኛ። ከቁጥር ስድድስት፣ ስምምንት፣ አስስር። እነዚህን መሸምደድ ብቻ የአንድ ገጽ ዜና ግማሽ ጣጣ ያቃልላል።

መፍትሄ፦ ጽሑፉን አስቀድሞ ተቀብሎ በእርሳስ ከሚጠብቀው ፊደል አናት ላይ ሁለት ነጥብ ማድረግ። ሁሉም ላይ አይደረግም፤ የሚያጠራጥረው ላይ ብቻ፣ አለዚያ ወረቀቱ ኩፍኝ የወጣበት ይመስልና ዓይን ይስታል። አፍ ላይ ሲመጣ ን፣ ም፣ ል፣ ስ ድምፃቸው ይሳባል። ት፣ ብ፣ ክ፣ ድ ግን አይሳቡም፤ አየሩን ለአፍታ ዘግቶ መልቀቅ ነው። ብዙ ጀማሪዎች ለማጥበቅ ብለው ድምፃቸውን ከፍ ያደርጋሉ፤ ያ መጮህ እንጂ ማጥበቅ አይደለም።

ጅማ ላይ ከነጥቡ የሚሻል መላ አለ። በአፋን ኦሮሞ የተማረ አንባቢ ማጥበቅ አያቅተውም፤ ቁቤ (አፋን ኦሮሞ የሚጻፍበት የላቲን ፊደል) ጠባቂውን ፊደል ሁለቴ ስለሚጽፍ ልዩነቱን ከልጅነቱ ያውቀዋል። የጎደለው ምልክቱ ብቻ ነው። ስለዚህ የሚያጠራጥረውን የአማርኛ ቃል ከኅዳጉ ላይ በቁቤ ይጻፈው። ዋናን በሁለት ኤን ካየው በኋላ አላልቶ ማንበብ ይከብደዋል።

ጥንቃቄ የሚፈልገው ሁለቱ ቋንቋዎች የሚጋሩት ቃል ነው። ቡና በአማርኛ ይጠብቃል፣ ቡንና። በኦሮምኛ ይላላል፣ ቁቤውም ባንድ ኤን ነው። በሁለት ቋንቋ የሚመራ መድረክ ላይ አንዱን ወደ ሌላው ይዞ መግባት ወዲያው ይሰማል።

ምልክት፦ «ካፌ ኦሮሚያ»

የክልሉን ምክር ቤት ስም በላቲን ፊደል አይቶ «ካፌ» ያለ እንግዳ ስንት ነው! ጨፌ ነው። ጫማ መሸጫ ላይ ያለውን ጽሑፍ «ኮፌ» ብሎ ቡና የጠየቀም አይጠፋም፤ ኮጴ ነው፣ ጫማ ማለት።

መንስኤው ቁቤን በእንግሊዝኛ ጆሮ ማንበብ ነው። ቁቤ በ1984 ዓ.ም. በይፋ ሥራ ላይ ሲውል የላቲኑን ፊደላት ወስዶ ድምፃቸውን ለራሱ አስተካክሏል። ሲ ብቻዋን ጭ ናት፣ ከኤች ጋር ች። ኤክስ ጥ ነው፣ ኪው ቅ፣ ፒና ኤች ጵ፣ ኤንና ዋይ ኝ። በዚህ ቁልፍ የዞናችን ወረዳዎች ይከፈታሉ፦ በሲ የሚጀምረው ጮራ ቦተር፣ በኤክስ የሚጀምረው ጢሮ አፈታ። ስም ጠሪ መምህርም «ካላ» እና «ካልቱ» ከማለት ይድናል፤ ጫላ እና ጫልቱ ናቸው።

ዲና ኤች ዽ ነው። ምላስን ወደ ላንቃ መለስ አድርጎ፣ አየሩን ወደ ውስጥ ሳብ እያደረጉ ድ ማለት። በጽሑፍ አይገኝም፤ ከተናጋሪ አፍ ብቻ ይያዛል።

አናባቢ ሁለቴ ከተጻፈ ይረዝማል፤ ርዝመቱም ትርጉም ይቀይራል። ላፋ ሲያጥር መሬት ነው፣ ሲረዝም ለስላሳ። «ዹፌ» ባጭሩ መጣሁ ማለት ነው፤ ዹን የሳበ እንግዳ ግን በሰላምታ ፋንታ ሆድ ነፍቶ ያስቸገረውን ነገር ይናዘዛል። በደም አይፈለግም፣ ይሳቅበታል እንጂ።

ምልክት፦ አነባበቡ የፊደል ገበታ ይመስላል

አንባቢው ሳድስ ባየ ቁጥር ድምፅ ይጨምርበታል፦ ት-ም-ህ-ር-ት፣ አምስት ቦታ ተቆርሶ። በንግግር ህ ትሳሳለች ወይም ጭራሽ ትጠፋለች፣ ትምርት ይባላል። እርስዎም ሲነገር እርሶ ነው። ሀገርን በገበታው ግዕዝ ድምፅ ልጥራ ብሎ መድከምም አያስፈልግም፤ ሀ፣ ሐ፣ ኀ፣ አ፣ ዐ እንደ ራብዕ ይነበባሉ። ሠ ከሰ፣ ፀ ከጸ በድምፅ አይለዩም። መፍትሄው ቃሉን ሳያዩ በተራ ወሬ እንደሚሉት ብሎ፣ ያንኑ ወረቀቱ ላይ ማምጣት ነው።

አሕጽሮት ሲነበብ ይፈታል። ወ/ሮ ወይዘሮ፣ ክ/ከተማ ክፍለ ከተማ፣ ጠ/ሚ ጠቅላይ ሚኒስትር ነው። የሰው ስም ላይ ግን መገመት አይገባም፤ ወ/ ወልደ ወይም ወለተ ሊሆን ይችላል፣ ባለቤቱ ይጠየቅ።

ከእንግሊዝኛ የመጡትም በዓይን የተለመዱ ናቸው። ደረሰኝን «ሪሲፕት» የሚል አለ፤ ፒዋ ትጻፋለች እንጂ አትነገርም፣ ሪሲት ነው። ዕዳ ማለት በሆነው የእንግሊዝኛ ቃል (debt) ውስጥ ያለችው ቢም እንዲሁ። የስልክ መዝገበ ቃላት የድምፅ ማጉያ ምልክቷ ተነክታ አንዴ ከተሰማች ያበቃል።

ተሳስተው ከሆነስ?

ቃሉን ወዲያው አንዴ አስተካክሎ መቀጠል። «ይቅርታ» አንዴ ይበቃል፤ የተሳሳተውን ደግሞ መጥራት ግን ስህተቱን ሁለት ያደርገዋል። የሰው ስም ከሆነ ከመድረክ ሲወርዱ ባለስሙን አግኝቶ ከአፉ መስማትና እዚያው ወረቀት ላይ በሁለቱም ፊደል መጻፍ፤ ያ ስም በሚቀጥለው ሳምንትም ይመጣል።