ኦቲዝም ያለበትን ሠራተኛ ስትቀጥሩ እነዚህን ስህተቶች አትድገሙ

በሰው ሀብት ሥራ ብዙ ዓመት ቆይቻለሁ። ኦቲዝም፣ ኤዲኤችዲ (ትኩረት መሰብሰብ የሚያስቸግር ሁኔታ) ወይም ዲስሌክሲያ (ማንበብና መጻፍ የሚያስቸግር ሁኔታ) ያለባቸው ጎበዝ ልጆች ከቃለ መጠይቅ ሲመለሱ አይቻለሁ። አንዳንዶቹን የመለስኳቸው እኔ ነኝ።

ከሁሉም የሚብሰው ቃለ መጠይቁ ነው። «ዓይኔን እያየ አላወራኝም፣ በራሱ አይተማመንም» ይባላል። ይህን ስሰማ በጣም ይከፋኛል። በትልቅ ሰው ፊት ዓይናችሁን ሰበር አድርጉ ብለን አሳድገናቸው፣ ለሥራ ሲመጡ በዚያው ነጥብ እንቀንሳለን። ለንብረት ክፍል የመጣ አንድ ልጅ ነበር። «እስኪ ስለ ራስህ ንገረን» አልነው። ዝም አለ። ዝቅተኛውን ነጥብ ሰጠሁት። አንዲት ባልደረባዬ ግን «ኧረ ሥራውን ይሞክረው» ብላ የሞዴል 19 (የንብረት ገቢ) እና የሞዴል 22 (የንብረት ወጪ) ደረሰኝ ጥራዞች ከቢን ካርዶቹ፣ ማለትም የእያንዳንዱ ዕቃ ገቢ፣ ወጪና ቀሪ ከሚጻፍባቸው ካርዶች ጋር ሰጠችው። እኛ ሳምንት ሙሉ የፈለግነውን ጉድለት እስከ ምሳ ሰዓት አገኘው። ከዚያ ወዲህ ጥያቄዎቹን ቀድሜ እሰጣለሁ፣ ከወሬው ይልቅ ሥራውን አሠርቼ አያለሁ።

ይህን ሰምታችሁ ግን ኦቲዝም ያለበት ሁሉ የቁጥር ሊቅ ነው እንዳትሉ። ወጥ ቤት የሚወድም፣ ሹፍርና የሚወድም አለ። ጠይቁት።

«ሲመችህ አምጣው» አትበሉ። «ሐሙስ በ9 ሰዓት» ብላችሁ ጻፉለት። ዲስሌክሲያ ላለበት ደግሞ በቴሌግራም በድምፅ ላኩለት።

ቡና ሲፈላ አብሮን አልተቀመጠም ብላችሁ «ኩራተኛ» አትበሉት። ጫጫታውና የዕጣኑ ጭስ ከብዶት ይሆናል። ጸጥ ያለ ጥግ ወይም የጆሮ ማዳመጫ ብዙ ወጪ አይጠይቅም።

ለነፍስ ብላችሁም አትቅጠሩ። «ለነፍሳችን ነው የያዝነው» የሚል አሠሪ ብዙ ጊዜ ደመወዙን ይቀንሳል፣ ሥራም አይሰጥም። የአካል ጉዳተኞች የሥራ ስምሪት መብት አዋጅ ቁጥር 568/2000 የአእምሮ ጉዳትንም ይጨምራል። የሥራ ሁኔታን ማመቻቸት የአሠሪው ግዴታ ነው ይላል።

ስለ ሁኔታው የነገራችሁን ለቢሮው ሁሉ አትንገሩ። የእሱ ጉዳይ ነው።

የመጨረሻው፣ በሙከራ ጊዜ አለቃ መቀያየር። በአሠሪና ሠራተኛ ሕጉ የሙከራ ጊዜ ቢበዛ 60 የሥራ ቀን ነው። በዚያች አጭር ጊዜ ሦስት ጊዜ አለቃ የቀየርንበት ልጅ ነበር። ሦስቱም ሥራውን በየራሳቸው መንገድ አዘዙት። አንድ ሰኞ ቀረ። ስንደውል እናቱ አነሱና «ልጄ ደክሞታል» አሉን።