የከፍተኛ ትምህርት ጥናታችሁን ለጆርናል እንዴት ትልካላችሁ?

የመጀመሪያ ፔፐሬ በአራተኛው ቀን ተመለሰ። ሰኞ ልኬው ዓርብ ጠዋት ማኪያቶዬ ሳይቀዘቅዝ ኢሜይሉ ገባ። ሪቪወር (ፔፐሩን የሚገመግመው የዘርፉ ምሁር) ጋር እንኳን አልደረሰም። ኤዲተሩ የጻፈልኝ ሁለት ዓረፍተ ነገር ነው። ሐሳቡ ሲጠቃለል፣ ጥናቱ ስለ አንድ ዩኒቨርሲቲ ብዙ ይላል፣ ያንን ዩኒቨርሲቲ ለማያውቅ አንባቢ ግን ምንም አይልም የሚል ነበር።

ያኔ በጣም ተናደድኩ። “ኢትዮጵያ ስለሆነ ነው እንጂ!” እያልኩ ለጓደኞቼ ሁሉ አወራሁ። ዛሬ ያንን ፔፐር ሳነበው ኤዲተሩ ልክ ነበር። የማስተርስ ቴሲሴን ከ120 ገጽ ወደ 25 ቆራርጬ ነው የላክሁት። ቴሲስ ሲቆረጥ ደግሞ አጭር ቴሲስ እንጂ አርቲክል አይሆንም።

ስለ ዩኒቨርሲቲ አስተዳደር ወይም ፖሊሲ አጥንታችሁ ሥራችሁ ላፕቶፕ ውስጥ ተኝቶ ከሆነ፣ መንገዱ እንዲህ ነው።

ጥያቄውን ከግቢው አውጡት

ምሳሌ እንውሰድ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመንግሥትም የግልም ተቋማት የመጀመሪያ ዲግሪ ተመራቂዎች የመውጫ ፈተና ይወስዳሉ። እናንተ ደግሞ አንድ ዩኒቨርሲቲ ፈተናውን እንዴት እንደተገበረ አጥንታችኋል እንበል። 18 የትምህርት ክፍል ኃላፊዎችን አነጋግራችኋል።

ናይሮቢ ያለ አንባቢ የእናንተ ዩኒቨርሲቲ ስንት ተማሪ እንዳሳለፈ ግድ አይሰጠውም። ግን አንድ ኃላፊ “ብሉፕሪንቱ ላይ የሌለውን ኮርስ ማስተማር ትተናል” ብሎ ከነገራችሁ (ብሉፕሪንት ፈተናው የሚሸፍነውን የሚዘረዝር ሰነድ ነው)፣ እዚያ ጋ ቁሙ። አርቲክሉ ያለው እዚያ ነው። ጥያቄው አሁን “ፈተናው በእኛ ግቢ እንዴት ሄደ?” መሆኑ ይቀራል። “መንግሥት አንድ ወጥ ፈተና ሲያወጣ ዩኒቨርሲቲ ምን ማስተማር እንዳለበት የሚወስነው ማነው?” ይሆናል። ይህንን ኬንያዊውም ብራዚላዊውም ያነበዋል። መረጃው ያው ነው፤ የተቀየረው ጥያቄው ነው።

ከዚያ መጣል ጀምሩ። የመላሾች ዕድሜና ጾታ ሠንጠረዥ፣ ስለ ዩኒቨርሲቲው አመሠራረት የተጻፉት ሦስት ገጾች፣ “ትምህርት ሚኒስቴር ሊያደርግ ይገባዋል” የሚሉት አሥር የመፍትሔ ሐሳቦች፣ ይውጡ። አውቃለሁ፣ ያማል።

ጆርናሉን ሳትጽፉ በፊት ምረጡ

ብዙዎቻችን ጽፈን ከጨረስን በኋላ ነው “የት ልላከው?” የምንለው። እንደዚያ ከሆነ አንድ ፔፐር ሁለት ጊዜ መጻፍ ይመጣል።

በዚህ ዘርፍ ያሉት ጆርናሎች ጠባያቸው ይለያያል። “ጆርናል ኦፍ ሃየር ኤጁኬሽን ፖሊሲ ኤንድ ማኔጅመንት” መሠረቱ አውስትራሊያ ነው። ዩኒቨርሲቲ የሚያስተዳድሩ ሰዎችን ስለሚያስብ፣ ለሥራ የሚጠቅም ነገር ይወዳል። “ሃየር ኤጁኬሽን ፖሊሲ” የዓለም አቀፉ የዩኒቨርሲቲዎች ማኅበር ጆርናል ነው። ዳካር ያለው የአፍሪካ ማኅበራዊ ሳይንስ ምርምር ምክር ቤት፣ ኮዴስሪያ፣ የሚያሳትመው “ጆርናል ኦፍ ሃየር ኤጁኬሽን ኢን አፍሪካ” ደግሞ በእንግሊዝኛም በፈረንሳይኛም ይቀበላል፤ እዚያ ስለ አፍሪካ ዩኒቨርሲቲ ለመጻፍ ይቅርታ መጠየቅ የለባችሁም። አገር ቤት የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው “ኢትዮጵያን ጆርናል ኦፍ ኤጁኬሽን” አለ።

የእኔ መለኪያ ቀላል ነው። የጆርናሉን የሁለት ዓመት ርዕሶች አነባለሁ። የእኔ ርዕስ መሃላቸው ቢቀመጥ እንግዳ ይመስላል ወይ? የዋቢ ዝርዝሬ ውስጥ ከዚያ ጆርናል አንድም ጽሑፍ ከሌለ፣ ወይ አላነበብኩም ወይ ቦታው የእኔ አይደለም።

ለሁለት ጆርናል በአንድ ጊዜ መላክ ክልክል ነው። “የቀደመው ይውሰደው” የሚል ነገር እዚህ አይሠራም። ከተነቃባችሁ ሁለቱም ይዘጉባችኋል።

“እጅግ የተከበሩ ፕሮፌሰር” ብሎ የሚጀምር ኢሜይል ከደረሳችሁ ደግሞ ተጠንቀቁ። በሦስት ቀን አትማለሁ፣ 100 ዶላር ላኩ የሚለው ነጋዴ ነው። ሦስት ቀን ፔፐራችሁን በደንብ ለማንበብ እንኳን አይበቃም። “ቲንክ ቼክ ሰብሚት” የሚባለው ድረ ገጽ የሚያስቀምጣቸውን ጥያቄዎች አንድ በአንድ መልሱ። ክፍት ነኝ (ማንም በነፃ ያነበኛል) የሚል ጆርናል ከሆነ “ዶአጅ” በሚባለው የክፍት ጆርናሎች ማውጫ ውስጥ መኖሩን እዩ። የዩኒቨርሲቲያችሁ የመምህራን ደረጃ ዕድገት ኮሚቴ የሚቀበለው መሆኑንም ጠይቁ።

ክፍያ ሁሉ ማጭበርበር ነው ማለት ግን አይደለም። አንባቢ ወይም ላይብረሪ ከፍሎ የሚያነባቸው ብዙ ጥሩ ጆርናሎች ከደራሲ ሳንቲም አይጠይቁም። ሙሉ በሙሉ ክፍት ከሆኑት ውስጥ ደራሲውን የሚያስከፍሉ አሉ፤ ትልልቆቹ አሳታሚዎች ግን ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው አገሮች ደራሲዎች ክፍያውን የሚያነሱበት አሠራር አላቸው። ከመላካችሁ በፊት ጠይቁ።

የእኛ ስምና የእኛ ዓመት

እዚህ ላይ ቆም እንበል፤ የውጭ መመሪያ የማይነግረን ነገር ነው።

ፎርሙ የቤተሰብ ስም ይጠይቃል። እኛ የለንም። አልማዝ ተስፋዬ ወልዴ የምትባል መምህርት እናስብ። ዘንድሮ “ተስፋዬ” ብላ ብትሞላ “ተስፋዬ፣ አ.” ተብላ ትጠቀሳለች። በሚቀጥለው ዓመት “ወልዴ” ብትል ሌላ ሰው ሆነች። ሥራዋ ለሁለት ተከፈለ። ስለዚህ አንዱን ምረጡና እስከ ጡረታ አትቀይሩት። ኦርኪድ የሚባለውን ባለ 16 አኃዝ የተመራማሪ መለያም አውጡ፤ ነፃ ነው፣ ደቂቃዎች ብቻ ይፈጃል። እኔ በአባቴ ስም ከሞላሁ ወዲህ “ውድ ዶክተር” እየተባሉ በኢሜይል የሚጠሩት አባቴ ናቸው። እሳቸው ዕድሜ ልካቸውን ያረሱ ገበሬ ናቸው። ስነግራቸው ደስ ብሏቸዋል።

ዓመቱ የባሰ ነው። የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ በአማርኛው ቁጥር 1152/2011፣ በእንግሊዝኛው 1152/2019 ነው። ከሱ በፊት የነበረው 650/2001 እና 650/2009። ዋቢ ስትጽፉ ከአማርኛው ቀድታችሁ “2001” ብትሉ ሪቪወሩ አዋጁን ስምንት ዓመት አስረጅቶ ያነበዋል። የትምህርት ዘመን ሲሆን ሁለቱንም ዓመት ጻፉ፤ የእኛ 2015 ማለት 2022/23 ነው። ይህን የቀየራችሁበትን መንገድ የስልት ክፍሉ ውስጥ በአንድ ዓረፍተ ነገር ግለጹ።

ለእኛ ግልጽ የሆነ ቃል ለሌላው ድብቅ መሆኑንም አትርሱ። “ሰባ ሰላሳ” ስንል እኛ ወዲያው ይገባናል። ሌላው 70 በመቶ ተማሪ ወደ ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ 30 በመቶው ወደ ማኅበራዊ ሳይንስ ይመደብ የሚል ፖሊሲ እንደነበር ካልተነገረው አይገባውም።

ፋይሉን ማሰናዳት

የጆርናሉን የደራሲዎች መመሪያ አትማችሁ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡ። የቃላት ገደቡ ዋቢዎቹን ይጨምር እንደሆነ እዩ። ብዙ ቦታ ይጨምራል።

ግምገማው በስውር ከሆነ ስማችሁ የትም መታየት የለበትም። የርዕስ ገጹ ለብቻው ይላካል። ምስጋናው ይወጣል። ብዙ ሰው የሚረሳው የፋይሉን ባሕርይ ነው፤ ወርድ ላይ የተጠቃሚው ስም እንደ ደራሲ ተመዝግቦ ይቀመጣል፣ አጥፉት። “ቀደም ባለው ጥናቴ” የሚል ዓረፍተ ነገርም ያሳብቃል።

የሥነ ምግባር ኮሚቴ ደብዳቤ ሰው ያነጋገረ ሁሉ ያስፈልገዋል። መረጃ ከሰበሰባችሁ በኋላ ልጠይቅ ብትሉ ረፍዷል።

የደራሲዎች ስም ዝርዝርን ደግሞ ከመላካችሁ በፊት ጨርሱት። አለቃ ስለሆነ ብቻ ስሙ የሚገባ ሰው አለ፤ ይሉኝታችን ነው። ጆርናሎች አሁን እያንዳንዱ ደራሲ ምን እንደሠራ ይጠይቃሉ። “ምን ብዬ ልሙላልህ?” ብሎ መጠየቅ ሳያስቀይም ይገላግላል።

የሽፋን ደብዳቤው ከግማሽ ገጽ አይበልጥ። ምን ጠየቅን፣ ምን አገኘን፣ ለምን ለእናንተ አንባቢ፣ ሌላ ቦታ አልላክነውም። በቃ።

መልስ ሲመጣ

ወራት ይፈጃል። ሦስት አራት ወር ካለፈ አንድ አጭር ጨዋ ኢሜይል መላክ ነውር የለውም።

“ከባድ ማሻሻያ ይደረግበት” የሚል መልስ ሲመጣ ብዙ ሰው አንገቱን ይደፋል። እኔ ቡና አስፈላለሁ። በሩ አልተዘጋም ማለት ነዋ! ባለ ሦስት አምድ ሠንጠረዥ ሥሩ፤ ሪቪወሩ ያለው፣ እናንተ ያደረጋችሁት፣ የት ገጽ ላይ። ለምሳሌ ሪቪወሩ “18 ሰው ያንሳል” ካላችሁ፣ “በቂ ነው” ብላችሁ አትከራከሩ። “ዓላማችን ቁጥሩን ለሁሉም ዩኒቨርሲቲ ማጠቃለል ሳይሆን ውሳኔው እንዴት እንደሚወሰን ማሳየት ነው፤ ይህንን ገጽ 9 ላይ ጨምረናል፣ ድክመቱንም ገጽ 21 ላይ አምነናል” በሉ። የማትስማሙበት ካለም ምክንያታችሁን በትሕትና ጻፉ። ሁሉንም እሺ ማለት ግዴታ አይደለም።

ጨርሶ ከተመለሰ አንድ ሳምንት ተዉት። ከዚያ አስተያየቱን ተጠቅማችሁ አስተካክሉና ለሁለተኛው ጆርናል ላኩ። የሽፋን ደብዳቤው ላይ የጆርናሉን ስም መቀየር አትርሱ። እኔ ረስቼ አንዱን ጆርናል “የእናንተን ጆርናል ለረጅም ጊዜ ስከታተል ቆይቻለሁ” ብዬ በተቀናቃኙ ስም ጠርቼዋለሁ።