ለብሪታንያ የትዳር ቪዛ፦ በወላጆች ቤት ለሚኖሩ የመኖሪያ ማስረጃው የተሟላበት መንገድ

የቤቱ ባለቤት «ይኑሩ፣ ፈቅጃለሁ» ብሎ የጻፈው ደብዳቤ ብቻውን አያሳምንም። ክፍተቱን የሞላው ከመሬት መዝገብ የወጣ የባለቤትነት ማረጋገጫ፣ የቅርብ ጊዜ የካውንስል ታክስ (ለአካባቢው አስተዳደር የሚከፈል የቤት ግብር) ቢልና እንደገና የተጻፈ ደብዳቤ ነው። ደብዳቤው የክፍሎቹን ብዛት፣ የነዋሪዎቹን ስምና ዕድሜ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ጥንዶቹ ለብቻቸው የሚይዙትን መኝታ ክፍል ይግለጽ። ይህ የመጨረሻው ነገር በቀላሉ ይረሳል፤ እባካችሁ አትርሱት።

የክፍሎቹና የነዋሪዎቹ ብዛት የሚፈለገው ቤቱ በሰው እንደማይጨናነቅ ለማሳየት ነው። በእንግሊዝና በዌልስ ይህ መጨናነቅ የሚለካው በ1985 በወጣው የቤቶች ሕግ ነው፦ 2 ክፍል ለ3 ሰው፣ 3 ክፍል ለ5፣ 4 ክፍል ለ7.5። ሳሎንም ይቆጠራል። ግማሹ የመጣው ከልጆች ነው፦ ከ1 ዓመት እስከ 10 ያልሞላው እንደ ግማሽ ሰው ይታሰባል፤ 1 ዓመት ያልሞላው ጨርሶ አይቆጠርም።

ቤቱ የኪራይ ከሆነ ከውሉ ጋር የአከራዩን የጽሑፍ ፈቃድ ማያያዝ ነው።